ሲያሸንፍ ያልተመዘነ ሲሸነፍ ይሰቀላል!

ነገሬን ከጠብ ልጀምር። ጠቡ የተነሳው ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ምሽት፣ ካናዳ ኤድመንተን ከተማ፣ እኛ ሐበሾች ቡና ከምንጠጣባት አንዲት ቤት ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጨዋታውም የፈረንጅ ነውና።)

ውጪው ብርድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አልፏል። የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን ኦይለርስ ሞንትሪያል ድረስ ሄዶ ሲጫወት በቴሌቪዥን እናያለን። በመሀል የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የአልበርታ ክፍለ ሀገር የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሊያጥር ስለሆነ የማያስፈልጋችሁን ሁሉ አጥፉ ይላል። ባለቤቷ ብድግ ብላ መብራቱን ድርግም አደረገችው። ቴሌቪዥኑን ግን «አጥፊው» ያላት የለም። በጨለማ ቁጭ ብለን ኦይለርስ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈ። 10ኛ ተከታታይ ድሉ መሆኑ ነው።

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። «ይኼን አሰልጣኝ ገና አላወቅነውም፤ እስቲ ረጋ ብለን እንመዝነው» አልኩ። ያልኩት ይኼንኑ ነው። አባረህ ስደደው አላልኩም፣ አይረባም አላልኩም። ምን ልበላችሁ! ቤቱ ተናወጠ። «ሟርተኛ!» አለኝ አንዱ። «ጋሼ፣ እርስዎ ደስታ አይስማማዎትም እንዴ?» አለኝ ልጄ የሚሆን ወጣት። የሃያ ዓመት ወዳጄ ደግሞ እጁን አወናጭፎ፣ «እያሸነፈ ያለን ሰው በምን ትመዝነዋለህ? ውጤቱ አይናገርም?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ለመሆኑ ሰው የሚመዘነው መቼ ነው? ሲወድቅ ብቻ? ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው። አንባቢ በሆዱ ሌላ ነገር እንዳይተረጉም አደራ። የማወራው በረዶ ላይ ስለሚጫወት ቡድንና ስለ አሰልጣኙ ነው። ወስዶ ሌላ ቦታ የሚለጥፍ ካለ ኃላፊነቱ የራሱ ነው!

የፈረንጅ ገና

ጨዋታውን ለማያውቅ ወገኔ ባጭሩ ላስረዳ። የበረዶ ሆኪ ማለት የገና ጨዋታ በሉት፤ ቆልማማ ዱላ አለው። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ስለት ያለው፣ የሚመታው ደግሞ ድቡልቡል ሩር ሳይሆን ፓክ የሚሉት ጠፍጣፋ ጎማ መሆኑ ነው። በረኛውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሆነው ይጋጠማሉ። በሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ በ2023-24 አንድ ቡድን በዓመት 82 መደበኛ ጨዋታ ያደርግ ነበር። ከዚያ የተሻሉት 16 ቡድኖች ፕሌይኦፍ ወደሚባለው ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ዙር አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ስታንሊ ካፕ ነው። ኤድመንተን ይህን ዋንጫ በ1984፣ በ1985፣ በ1987፣ በ1988 እና በ1990 አንስታለች። ከ1993 ወዲህ ግን እስከ 2025 ድረስ ዋንጫው አንድም የካናዳ ቡድን እጅ አልገባም። እንግዲህ የከተማው ሕዝብ ጥማት ይግባችሁ።

እኔ ስታዲየሙ አጠገብ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። የሆኪ ዕውቀቴን ያገኘሁት ከመኪና መስኮት ነው ብል አልዋሸሁም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሰዉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በብርድ ያወራኛል፤ ሲሸነፍ ክላክስ ይነፋብኛል። አጥሩ ያው፣ ክፍያው ያው፣ እኔም ያው! ሕዝብ ውጤትን ከሥራ ጋር እንዴት እንደሚያደባልቅ እዚያ ቆሜ ተምሬያለሁ።

የወደቀ ዛፍ

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከዛሬው ጀግና በፊት ጄይ ዉድክሮፍት የሚባል አሰልጣኝ ነበር። ይኼ ሰው በ2022-23 የውድድር ዘመን 50 ጨዋታ አሸንፏል። በመጨረሻዎቹ 15 ጨዋታዎች 14ቱን ሲያሸንፍ አንዷን ብቻ በጭማሪ ሰዓት አጣ። ቡድኑ ተጋጣሚው ተቀጥቶ ሰው በሚጎድልበት ጊዜ ጎል የማግባት መጠኑ 32.4 በመቶ ደርሶ የሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ሆነ። ያን ሰሞን ዉድክሮፍትን የነካ ወዮለት!

ከዚያስ? በቀጣዩ መኸር ቡድኑ ተንኮታኮተ። ከ13 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ነው። ኮከቡ ኮኖር ማክዴቪድ ተጎድቶ ነበር። ከበረኞቹ አንዱ ጃክ ካምቤል ወደ ታችኛው ሊግ ተሰደደ። ዉድክሮፍት ሲያትል ላይ 4 ለ 1 ባሸነፈ ማግስት፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2023 ተሰናበተ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በጸደይ ሲያሞግሱት የነበሩት በበልግ ምሣር ይዘው ቆሙ። ሰውዬው በሰባት ወር ውስጥ ሥራውን ረሳ ማለት ነው? ወይስ ያኔም የተመዘነው በትክክል አልነበረም?

በቦታው የመጣው ክሪስ ኖብላክ ነው። በታላቁ ሊግ ቋሚ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም፤ የመጣው ሃርትፎርድ ከሚገኝ የታችኛው ሊግ ቡድን ነው። ማክዴቪድን ልጅ ሳለ ኤሪ በሚባል የወጣቶች ቡድን ውስጥ አሠልጥኖት ስለነበር «የኮከቡ ሰው ነው» ተብሎ ታማ። ሐሜቱ ግን ብዙ አልቆየም። 8 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። 3 ተሸነፈ። ከዚያ ከዲሴምበር 21 ቀን 2023 እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 2024 ድረስ 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ! ከ27 ጨዋታ 24 ድል። የሊጉ ክብረ ወሰን 17 ስለሆነ የቀረው አንዲት ነበረች። ይህ በየትኛውም ሚዛን ትልቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። ግን ሥራው የማን ነው? ስንቱ የአሰልጣኙ፣ ስንቱ የተጫዋቾቹ፣ ስንቱ የዕድል?

ድሉ በሚዛን ላይ

በዚያ ሰሞን ቤቴ ቁጭ ብዬ 16ቱን ጨዋታ አንድ በአንድ በወረቀት ጻፍኩ። አራት ጥያቄ አቀረብኩላቸው።

አንደኛው፣ ማንን አሸነፍክ? የሚለው ነው። ሳን ሆዜ፣ አናሃይም፣ ቺካጎ ሁለት ጊዜ፣ ኮሎምበስ፣ ሞንትሪያል። እነዚህ የዚያን ዘመን ውድድር በነጥብ ከመጨረሻ አንደኛ እስከ አምስተኛ ሆነው የጨረሱ ናቸው። ከ16ቱ ድል 6ቱ የተገኘው ከጭራዎቹ ላይ ነው። ሐቁን ለመናገር ኒውዮርክ ሬንጀርስንም 4 ለ 3 አሸንፈዋል፤ ሬንጀርስ ያን ዘመን በነጥብ ከሁሉ በላይ ሆኖ የጨረሰ ነው። ስለዚህ ድሉ ባዶ አይደለም፤ የተነፋውን ያህል ግን አያክልም። ፍሎሪዳን ደግሞ በነዚህ 16 ጨዋታዎች አላገኙትም፤ ከዚያ በፊት አግኝተውት ተሸንፈዋል። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው፣ እንዴት አሸነፍክ? ሎስ አንጀለስን በመለያ ምት፣ ዲትሮይትንና ሞንትሪያልን በጭማሪ ሰዓት ነው ያሸነፉት። ድሮ እኩል ለእኩል መለያየት ነበር፤ ከ2005-06 ወዲህ ግን በመለያ ምትም ቢሆን አሸናፊ ካልተገኘ ጨዋታ አያልቅም። ጭማሪው ሰዓት ሦስት ለሦስት ሆኖ በሰፊ በረዶ ላይ ስለሆነ አንዲት ስህተት ትበቃለች። ከሦስቱ አንዷ ብትገለበጥ «ተአምር» የተባለው ጉዞ ለሁለት ይሰበር ነበር። የአሰልጣኙ ሥራ ግን በአንዲት ፓክ አይለወጥም። ታዲያ ለምን ፍርዳችን ይለወጣል?

ሦስተኛው፣ ዕድል ስንት ወሰደ? የሆኪ ተንታኞች አንድ ቀላል ስሌት አላቸው። ቡድኑ ከሚመታው ስንት በመቶው ጎል እንደሚሆንና በረኛው ከሚመታበት ስንት በመቶውን እንደሚያድን ይወስዱና ይደምሩታል። የሊጉ አማካይ ድምር ሁሌም 100 አካባቢ ነው። ድምሩ በጣም ዝቅ ያለ ቡድን ብዙውን ጊዜ ይወጣል፤ በጣም ከፍ ያለው ይወርዳል። ዉድክሮፍት የተባረረው በረኞቹ ፓኩን ማዳን ባቃታቸው ሰሞን ነው። ኖብላክ ሲመጣ ስቱዋርት ስኪነር የሚባለው በረኛ ወደ ራሱ ተመለሰ። ከ16ቱ ድል 12ቱ በርሱ በረኝነት የተገኘ ነው። አሰልጣኝ ደግሞ በረኛውን መክሮ፣ አጽናንቶ ያሰልፈዋል እንጂ ገብቶ ፓክ አይዝለትም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ!

አራተኛውና ዋናው፣ ምን ቀየርክ? የሚለው ነው። እዚህ ላይ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። በ16ቱ ጨዋታ ኦይለርስ 62 ጎል ሲያገባ የገባበት 24 ብቻ ነው፤ በአማካይ በጨዋታ አንድ ተኩል። ማክዴቪድና ሊዮን ድራይሳይትል ያሉበት ቡድን ጎል ማግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር መከላከሉ ነው። ኖብላክ ተከላካዮቹን አብሮት ለተሾመው ለፖል ኮፊ ተወለት፤ ኮፊ በ1980ዎቹ ለዚሁ ቡድን የተጫወተ ታላቅ ተከላካይ ነው። 2 ለ 1 እየመሩ ሳይደናገጡ ሰዓት መጨረስ፣ ይኼ የልምምድ ፍሬ ነው። ይኼን ለአሰልጣኙ ስጡት። ሌላውን ግን ለባለቤቶቹ መልሱ።

እንግዲህ ይህ ሟርት ነው? ሚዛን ነው እንጂ!

ከኛ በፊት የጨፈሩ

ታሪክም ይመስክር። ያ የ17 ድል ክብረ ወሰን የፒትስበርግ ነው፤ ማርች 9 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 1993 ድረስ። አሰልጣኙ ስኮቲ ቦውማን ነበር፤ በሥራ ዘመኑ ዘጠኝ ስታንሊ ካፕ ያነሳ፣ በሊጉ ከሁሉም አሰልጣኝ በላይ ያሸነፈ ሰው። ኮከቡ ማሪዮ ለሚዩ በካንሰር ታሞ፣ የመጨረሻውን የጨረር ሕክምና በወሰደበት ቀን ማታ ሜዳ የገባው የዚያኑ ሰሞን ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ማን ይችለዋል? ተባለ። ኒውዮርክ አይላንደርስ ቻለው! በሁለተኛው ዙር፣ በ7ኛው ጨዋታ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3። ቦውማንም በዚያው ክረምት ወደ ዲትሮይት ሄደ። እዚያም ሦስት ዋንጫ አነሳ። 17ቱ ድል የዓለም ምርጥ አላደረገውም፤ ሽንፈቱም ሰነፍ አላደረገው። ሰውዬው ያው ቦውማን ነው።

የኮሎምበስም አለ። በ2016-17 በጆን ቶርቶሬላ አሰልጣኝነት 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ቶርቶሬላ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተሸለመ፤ በረኛው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪም ምርጥ በረኛ ተባለ። ፕሌይኦፍ ሲመጣ በመጀመሪያው ዙር በአምስት ጨዋታ ተሰናበቱ። ሽልማቱ የሚሰጠው ለመደበኛው ውድድር ነውና ቶርቶሬላ ዋንጫውን ወስዶ ቤቱ ገባ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

የኔም ጥፋት

አሁን ሰው ብቻ ስከስ እንዳልገኝ ራሴንም ልክሰስ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ ኦይለርስን 3 ለ 1 አሸንፎ ጉዞው ተቋረጠ። በማግስቱ ቡና ቤቱ ስገባ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር! «ነግሬያችሁ አልነበረም?» ለማለት ምላሴን እያሾልኩ ነው የሄድኩት። ወጣቱ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ በአንድ ሽንፈት ልትመዝኑት ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። ሲያሸንፍ «ዕድል ነው» ብዬ፣ ሲሸነፍ «ችሎታው ይኼው ነው» ካልኩ እኔም ሚዛኔ የተንሻፈፈ ነው ማለት ነው። እነሱ ወደ ድሉ አዘነበሉ፤ እኔ ወደ ጥርጣሬዬ።

ኖብላክን በትክክል ያየሁት በሜይ ነው። ከቫንኩቨር ጋር በሁለተኛው ዙር 2 ለ 1 ሲመራ፣ ያን የ12 ድል በረኛ፣ ያን የኤድመንተን ተወላጅ ስኪነርን አስቀመጠው። ካልቪን ፒካርድን አስገባ። አንዱን አሸነፉ፣ አንዱን ተሸነፉ። ከዚያ በ6ኛው ጨዋታ፣ ቢሸነፉ ሁሉ ነገር በሚያበቃበት ቀን፣ ስኪነርን መልሶ አስገባውና ሁለቱንም አሸንፎ አለፈ። ቀጥሎ ከዳላስ ጋር 2 ለ 1 ሲመራ ፊሊፕ ብሮበርግ የሚባለውን ወጣት ተከላካይ ከተቀመጠበት አንስቶ አሰለፈ፤ ሦስቱንም ጨዋታ አሸነፉ። የተወደደውን ማስቀመጥ፣ ያስቀመጡትን ሳያዋርዱ መመለስ፣ ያልታወቀውን ማመን፣ አሰልጣኝነት ይኼ ነው! በ16ቱ ድል ጊዜ እንዲህ ያለ ውሳኔ አልተጠየቀም። ያልተጠየቀን ሰው ደግሞ መለሰ ማለት አይቻልም።

ፍጻሜው ላይ ማን ጠበቃቸው? ፍሎሪዳ! በሩ ላይስ? ያው ከኮሎምበስ ጋር 16 ጨዋታ በድል የተጓዘው ቦብሮቭስኪ! ኦይለርስ ሦስት ለዜሮ ተመራ። ያን ጊዜ በጃንዋሪ «ሟርተኛ» ያለኝ ሰው «ይኼ አሰልጣኝ ነገ ጠዋት ይባረር» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አስተባበልኩለት። አዎ፣ እኔ፣ ሟርተኛው፣ ጠበቃው ሆንኩ! ኖብላክ ሦስቱንም መለሰ፤ 8 ለ 1፣ 5 ለ 3፣ 5 ለ 1። ጁን 24 ቀን 2024 በ7ኛው ጨዋታ ግን 2 ለ 1 ተሸነፈ። በዓመቱም በ2025 ፍጻሜ ደረሰ፤ አሁንም ፍሎሪዳ በስድስት ጨዋታ አሸነፈው።

እንግዲህ ፍረዱ። ኖብላክ በጃንዋሪ 2024 የተባለው አምላክ ነበር? አልነበረም። በጁን የተባለው ደካማስ? እሱንም አልነበረም። ቡድኑን መከላከል ያስተማረ፣ ሲጨንቀው የማይጮህ፣ ከባድ ውሳኔ የማይፈራ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ከመጨረሻው በር ደርሶ ቁልፉን ያጣ ጎበዝ አሰልጣኝ ነው። ይህን ፍርድ በጃንዋሪም በጁንም ሳልቀይረው ልናገር እችላለሁ። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው፤ ከውጤቱ ጋር ሜዳውን የማይዞር።

ለወዳጆቼም የምለው ይህንኑ ነው። እያሸነፈ ያለን ሰው የምንመዝነው ስለምንጠላው አይደለም። የሚታረም ስህተት የሚታረመው ጉልበት፣ ጊዜና ልብ ባለበት ወቅት ስለሆነ ነው። በድል ጊዜ «ዝም በል» ያልነው ጥያቄ በሽንፈት ጊዜ ምሣር ሆኖ ይመጣል፤ ዉድክሮፍትን ጠይቁት! ያኔ ደግሞ የሚቆረጠው ጥፋተኛው ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የቆመው ነው። ሲያሸንፍ በልኩ የተመዘነ ሰው ግን ሲሸነፍም በልኩ ይፈረድለታል። ሚዛኑ ለርሱም ጥላ ነው።

በሀገራችን በገና ጨዋታ ላይ ጌታውም ሎሌውም ዱላ ይዘው ይገባሉ፤ የተመታ ጌታ አይቆጣም። ጃንዋሪ 6 ቀን፣ በገናችን ዋዜማ፣ ኦይለርስ ኦታዋን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ ይኼንኑ ሳስብ ነበር። አባቶቻችን በጨዋታ ቀን ጌታን መምታት ከፈቀዱ፣ እኛ በአንድ ስኒ ቡና ላይ አንድ አሰልጣኝን መጠየቅ እንዴት ያቅተናል?

ከወዳጄ ጋር ታርቀናል። ቡናውንም የከፈለው እሱ ነው። «በሚቀጥለው ሲያሸንፉ ግን ዝም ትላለህ» ብሎኛል።

አልልም!

ቸር ያሰማን።